መንገድ በጠፋ ጊዜ በአላህ ስለ መመካት

በአላህ ስም፣ እጅግ አዛኝ፣ እጅግ ሩኅሩኅ በሆነው እንጀምራለን። ምስጋና ሁሉ ሌሊቱን በቀን ለሚተካው፣ የተዘጋውን ለሚከፍተው፣ የተሰበረውን ልብ ለሚጠግነው ጌታ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ ወንድሜ ሆይ! እወቅ፤ ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ሁለት ዓይነት ችግር ያገኘዋል። አንደኛው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ፣ በዘመዱ ወይም በወዳጁ ምክር የሚወጣው ነው። ሁለተኛው ከዐቅሙ በላይ የሆነው ነው፤ ቢቆም ይደርስበታል፣ ቢሸሽ ይቀድመዋል፣ የሚያማክረውም ሰው እንደ እርሱ ግራ የተጋባ ነው። በዘመናችን በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ይህን ሁለተኛውን ቀምሰውታል። ነጋዴው ዕቃውን ጭኖ መንገዱ ይከፈት አይከፈት ሳያውቅ አድሯል፤ እናት ልጇን ወደ ትምህርት ቤት ልካ እስኪመለስ ድረስ ከደጅ ቆማለች፤ ሰው ታግቶ ገንዘብ ተጠይቆበታል።

በእንዲህ ያለ ቀን ለተጨነቀው ሰው ሁሉ «በአላህ ተመካ» ይባላል። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን ትርጉሙን ሳያውቅ የሚሰማው ሰው ከሦስት ስሕተቶች በአንዱ ይወድቃል። አንዱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥና ስንፍናውን እምነት ይለዋል። ሁለተኛው ነፍሱ የወደደችውን ሁሉ ይሠራና «አላህ መራኝ» ይላል። ሦስተኛው ዱዓ አድርጎ ያሰበው ሳይሆን ሲቀር በጌታው ላይ ያጉረመርማል። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ ተወኩል ምን እንደ ሆነና ምን እንዳልሆነ፣ የአላህም መሪነት በጭንቅ ቀን ለባሪያው እንዴት እንደሚደርስ በአላህ ፈቃድ እናስረዳለን።

የቃሉ ትርጉም

ተወኩል የሚለው የዓረብኛ ቃል «ወኪል» ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው። ወኪል ምን እንደ ሆነ ደግሞ ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰው ክርክር ኖሮበት ራሱ መናገር ባይችል ወኪል ያቆማል። ወኪሉ ዐዋቂ፣ ብርቱና ታማኝ፣ ለእርሱም የሚያዝን መሆኑን ካመነ ልቡ ያርፋል፤ ሌሊትም ይተኛል። ይሁን እንጂ ወኪሉ «ውሉን አምጣልኝ፤ በቀጠሮው ቀን ተገኝ» ብሎ ሲያዘው «አንተን ወክያለሁና ከቤቴ አልወጣም» ቢል ወኪሉን ንቋል እንጂ አላመነውም። በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተባለው መጽሐፋቸው የተወኩልን ነገር በዚሁ በወኪል ምሳሌ ገልጸውታል። እኚሁ ሊቅ እንዳስተማሩት፣ ምግብ ቀርቦለት እጁን የማይዘረጋ ሰው አእምሮው የጎደለ ነው እንጂ በአላህ የተመካ አይደለም፤ የቤትን በር መቆለፍም ተወኩልን አያፈርስም።

ሌላም ቃል አለ፤ እርሱም «ሰበብ» ነው። በአማርኛችን ሰበብ ሲባል ብዙ ጊዜ ማመካኛ ማለት ሆኗል። በዓረብኛ ግን የቃሉ ጥንታዊ ፍቺ ገመድ ነው፤ ሰው ወደ ውሃው የሚደርስበት ገመድ። ውሃውን የፈጠረው አላህ ነው፤ ገመዱን መጣል ግን የባሪያው ሥራ ነው። ገመዱን ሳይጥል ውሃ የሚጠብቅ ሞኝ ነው፤ ገመዱ ራሱ ውሃ ሰጠኝ የሚልም ጌታውን የካደ ነው። ነቢያችንም ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ለቆ ይመካ እንደ ሆነ ለጠየቃቸው ሰው፣ አስቀድሞ እንዲያስር ከዚያም እንዲመካ አዘዙት። ይህ ከታወቀ ዘንድ ወደ ዋናው ነገር እንሻገር።

በባሕሩ አፋፍ

ነቢዩ ሙሳ የእስራኤልን ልጆች ይዘው በሌሊት በወጡ ጊዜ ፊርዐውን ሠራዊቱን አስከትሎ ፀሐይ ስትወጣ ደረሰባቸው። ፊታቸው ባሕር፣ ኋላቸው ሰይፍ ሆነ። ሁለቱ ወገኖች በተያዩ ጊዜ ሕዝቡ «አለቀልን፣ ተያዝን» ብሎ ጮኸ። በዓይን ብቻ ለሚፈርድ ሰው ይህ ጩኸት ሐሰት አልነበረም። በተከበረው ቁርኣን በሹዐራእ ምዕራፍ እንደ ተነገረው ግን ሙሳ ጌታቸው አብሯቸው መሆኑንና እንደሚመራቸው ተናግረው ሕዝቡን መለሱ።

አስተውል! ሙሳ ባሕሩ ይከፈላል አላሉም። ባሕሩን በበትር እንዲመቱ የታዘዙት ከዚህ ንግግራቸው በኋላ ነው። ስለዚህ እንዴት እንደሚድኑ ሳያውቁ ማን እንደሚያድናቸው ዐወቁ። የተወኩል ልቡ ይህ ነው፤ ፍጻሜውን ማወቅ ሳይሆን መሪውን ማወቅ ነው። ብዙ ሰው ግን መሪውን ሳይሆን ፍጻሜውን ይለምናል፤ «ነገሩ በምን እንደሚያልቅ አስቀድሜ ልወቅና ከዚያ ልመካ» ይላል። ፍጻሜውን ያወቀ ሰው ግን የሚመካበት ምን ቀረው?

ደግሞም አስተውል! ትእዛዙ የመጣው በእጃቸው በነበረው ነገር ነው። በትራቸው የእረኛ በትር ነበረ፤ በጎቻቸውን ቅጠል የሚያረግፉበት፣ ሲደክማቸው የሚደገፉበት ነበረ። በትር ባሕርን አይከፍልም። አላህ ግን ያለ በትሩ መክፈል ሲችል ባሪያው የያዘውን ትንሽ ነገር እንዲያነሣ ወደደ። ከዚህም የምንማረው፣ ከዐቅምህ በላይ የሆነ ነገር በገጠመህ ጊዜ አላህ የሚጠይቅህ ከዐቅምህ በላይ ያለውን እንዳልሆነ ነው። የሚጠይቅህ በእጅህ ያለችውን በትር ነው። ታማኝ ስምህን፣ ሁለት ረከዓ ሰላትህን፣ አንድ ቀን የእግር መንገድ የምትሄድበትን ጉልበትህን፣ ለጎረቤትህ የምትናገረውን መልካም ቃል ይጠይቅሃል።

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን የሊማሊሞን መንገድ በክረምት ጉም የወረደ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። የመኪናው መብራት የሚያሳየው እስከሚቀጥለው ጠመዝማዛ ድረስ ብቻ ነው። ሹፌሩ «ቁልቁለቱ ሁሉ ካልታየኝ አልነቃነቅም» ቢል በዚያው ብርድ ላይ ያድራል፤ ምንም ሳይታየው ቢነዳም ገደል ይገባል። የታየውን ያህል ሲሄድ ግን ቀጣዩ ይታየዋል። የአላህም መሪነት ለአብዛኛው ባሪያ የሚደርሰው እንዲሁ ነው፤ የዛሬው እርምጃ ይታያል፣ የነገው ለነገ ይቀመጣል።

የሂጅራ ሌሊት

ቁረይሾች ነቢያችንን ሊገድሉ በተማከሩ ጊዜ አላህ እንዲሰደዱ ፈቀደላቸው። ከፍጡር ሁሉ ይልቅ በአላህ የሚመኩት እርሳቸው ነበሩ፤ ዝግጅታቸውን ግን ተመልከት። መዲና በሰሜን ሳለች እርሳቸውና አቡበክር በደቡብ ወዳለው ወደ ሠውር ተራራ ሄደው በዋሻ ሦስት ሌሊት ተሸሸጉ። የአቡበክር ልጅ ዐብዱላህ ቀን ቀን የከተማውን ወሬ እየሰማ ማታ ያደርስላቸው ነበር። ዓሚር ብን ፉሀይራ በጎቹን ወደዚያ እየነዳ ወተት ያጠጣቸው ነበር። የአቡበክር ልጅ አስማእ የስንቁን ከረጢት የምታስርበት ብታጣ መቀነቷን ቀዳ አሰረችው። መንገድ እንዲመራቸውም ዐብዱላህ ብን ኡረይቂጥ የተባለውን ሰው ቀጠሩ፤ ይህ ሰው በዚያን ጊዜ የቁረይሽን ሃይማኖት ይከተል ነበር፣ ነገር ግን መንገዱን የሚያውቅና ቃሉን የሚጠብቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ አሳዳጆቹ ወደ ዋሻው አፍ በቀረቡና አቡበክር ስለ ነቢዩ በተጨነቁ ጊዜ፣ ነቢዩ አላህ ከሁለቱ ጋር ነውና እንዳያዝኑ ነገሯቸው። ይህ ቃል የተነገረው ገመዱ ሁሉ ከተጣለ በኋላ ነው። ሰው የሚችለውን ሁሉ ሲጨርስ «አላህ አለ» ማለቱ ተወኩል ነው፤ ሳይጀምር ቢለው ግን የስንፍና መሸፈኛ ይሆናል።

ከዚሁ ሌሊት ነጋዴ ሁሉ ሊይዘው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። የመካ ሰዎች ነቢዩን ቢጠሏቸውም ገንዘባቸውን በአደራ የሚያስቀምጡት በእርሳቸው ዘንድ ነበር። ነቢዩ ሊገድሏቸው ከተነሡት ሰዎች አገር ሲወጡ ያን አደራ ለየባለቤቱ እንዲመልስ ዐሊን ትተው ሄዱ። ስንቅ ያስፈልጋቸው ነበር፤ የሚያሳድዷቸውም ሰዎች በደለኞች ነበሩ። ቢሆንም የጠላትን አደራ ለመብላት ጭንቅ ምክንያት አልሆናቸውም። ይህን ልብ በል፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁሉ በአላህ ውሳኔ ከሆነ መድከም ለምን?

«ሁሉ በአላህ ውሳኔ ከሆነ ሰው ስለምን ይደክማል?» ቢባል፣ ዑመር ብን አል-ኸጣብ በመለሱት እንመልሳለን። ዑመር በ18 ዓመተ ሂጅራ ገደማ ወደ ሻም ሲሄዱ ሰርግ በተባለው ስፍራ በአገሩ ቸነፈር መግባቱን ሰሙ። ወዲያውም ሰው ሰበሰቡ፤ በመጀመሪያ ሙሃጂሮችን፣ ቀጥሎ አንሷሮችን፣ ከዚያም የቁረይሽን ሽማግሌዎች አማከሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወገኖች ተለያዩ፤ ሽማግሌዎቹ ግን መመለስ ይሻላል ብለው ተስማሙ፣ ዑመርም ለመመለስ ቈረጡ። አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ ይሸሹ እንደ ሆነ ቢጠይቋቸው፣ አዎን፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሸሹ መለሱላቸው። አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ በሆነ ሸለቆ ግመሉን የሚያሰማራ ሰው በየትኛውም ቢያሰማራ በአላህ ውሳኔ እንደሚያሰማራም በምሳሌ አስረዷቸው። ይህን ምሳሌ ከብቱን በደጋና በቆላ የሚያዘዋውር የአገራችን ሰው ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ከዚያ ምን ሆነ? ለጉዳዩ ሄደው በምክሩ ያልነበሩት ዐብዱረሕማን ብን ዐውፍ መጡና፣ ቸነፈር ወደ ገባበት አገር እንዳይገቡ፣ ካሉበትም ሸሽተው እንዳይወጡ ነቢዩ ማዘዛቸውን መሰከሩ። ዑመርም አላህን አመሰገኑ። ተመልከት! ብርሃኑ የመጣው ምክሩ ከተደረገ፣ ውሳኔውም ከተቈረጠ በኋላ ነው። ብርሃኑ እስኪመጣ ተቀምጠው ቢጠብቁ ኖሮ ሠራዊቱ ምን ይሆን ነበር?

ዐቅዱ ሳይሳካ ሲቀር

ምናልባት «ጸለይሁ፣ ተማከርሁ፣ በሬንም ቆለፍሁ፤ ነገር ግን ሱቄ ተቃጠለ፣ ልጄም አልተመለሰም» የምትል ትኖር ይሆናል። ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴም ሆይ፣ ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ የሚሰጥ ሰው ሐዘንን አያውቅም። ይልቅስ ወደ ነቢዩ ያዕቆብ እንሂድ።

ያዕቆብ ዩሱፍን ካጡ በኋላ ረኃብ ሆነ፤ ልጆቻቸውም እህል ለመሸመት ወደ ግብፅ መመላለስ ጀመሩ። ቢንያሚንን ይዘው በሄዱ ጊዜ አባታቸው በአንድ በር ሳይሆን በተለያዩ በሮች እንዲገቡ መከሯቸው፤ ያም ሆኖ ከአላህ ፈቃድ ሊያድናቸው እንደማይችልና በእርሱ ብቻ እንደሚመካ አስታወቁ። ምክሩ የአስተዋይ አባት ምክር ነበር፤ ዕቃውን ሁሉ በአንድ አህያ የማይጭን ነጋዴ ያውቀዋል። ልጆቹም እንደ ታዘዙት ገቡ። ነገር ግን ቢንያሚን ሳይመለስ ቀረ። የነቢይ ዐቅድ፣ የነቢይ ዱዓ፣ የነቢይ ተወኩል ነበረ፤ ሆኖም በዚያ ቀን የፈሩት ደረሰ።

ያዕቆብ ምን አደረጉ? ዓይናቸው እስኪጠፋ አለቀሱ፤ ልቅሶአቸውን ግን ወደ ጌታቸው አቀረቡ። እንግዲህ ሐዘን ተወኩልን አያፈርስም፤ ነቢያችንም ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ጊዜ አልቅሰዋል። «ካመንሽ አታልቅሺ» እያለ እናትን የሚገሥጽ ሰው ከነቢያት የበለጠ አማኝ ለመሆን የሚሞክር ነው። ከልቅሶው በኋላ ደግሞ ያዕቆብ ልጆቻቸውን ሄደው ዩሱፍንና ወንድሙን እንዲፈልጉ፣ ከአላህም እዝነት ተስፋ እንዳይቆርጡ አዘዟቸው። ዓይናቸው ጠፍቶ ሳለ ልጆቻቸውን ለፍለጋ ላኩ። ተወኩል የሚታወቀው ዐቅድ በተሳካበት ቀን አይደለም፤ ዐቅድ ከፈረሰ በኋላ ሰው የሚቀጥለውን እርምጃ በመሄዱ ይታወቃል።

በጎንደር የሆነው

ይህ ሁሉ የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ እንዳይመስልህ። ጎንደር በ1628 ዓ.ም. በአፄ ፋሲለደስ መናገሻ ከሆነች በኋላ ሙስሊሞች ነጋዴዎች ይኖሩባት ነበር። በ1660 ዓ.ም. ገደማ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ፤ እነርሱም ከቀሃ ወንዝ አጠገብ ሰፈሩ። አዲስ ዓለም እስከ ዛሬ የሙስሊሞች ሰፈር ሆኖ ይታወቃል። ርስት ስለ ተከለከሉ ሸማ ሠሩ፣ ነገዱም፤ በመተማ ወደ ሱዳን፣ በምጽዋም ወደ ባሕር የሚወጣውን መንገድ ያዙ። ማረሻ ቢከለከሉ በእጃቸው የቀረውን መወርወሪያና ሚዛን አነሡ። የእነርሱ በትር ይህች ነበረች።

በ1870 ዓ.ም. በወሎ በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ ራብዓዊ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ባዘዙ ጊዜ ፈተናው ጸና። አንዳንዱ ቤቱንና ገበያውን ትቶ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ወሰን ተሰደደ። አንዳንዱ በቀን የታዘዘውን እየመሰለ በሌሊት ይሰግድ ነበር። በየቤቱ የተጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «መሄድ ነው ወይስ መቅረት? መሞት ነው ወይስ መሸሸግ?» የሚል ነው። ሸሪዓ በሰይፍ ተገድዶ ልቡ በእምነት የረጋውን ሰው አይፈርድበትም፤ የተሰደደውንም ፈሪ አይለውም። በእነዚያ ሰዎች መካከል ማን የተሻለ ተመካ ብለን ልንመዝን አንችልም። ነገር ግን ልጆቻቸውን በጨለማ ፋቲሓ ያስተማሩ እናቶች እምነቱን ለእኛ አደረሱት። እነርሱ ፍጻሜውን አላዩም፤ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሙስሊሞች በዓላት ብሔራዊ በዓላት ሆነው ሲታወጁ በሕይወት አልነበሩም። የዛሬዋን እርምጃ ብቻ ሄዱ።

ፍትሕ ግን ሙሉውን እንድንናገር ያዘናል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከሱዳን መጥተው ጎንደርን ዘርፈዋል፣ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥለዋል፣ ሰውም ማርከዋል። ይህን ያደረጉት የአላህን ስም እየጠሩ ነበር። ስሙን መጥራት መሪነቱን እንደ ማግኘት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በረመዳን የመጨረሻዎቹ ቀኖች፣ በጎንደር የአንድ ሙስሊም ዐሊም ቀብር ሲፈጸም በተነሣው ጥቃት የሰው ደም ፈሰሰ፣ መስጊዶችም ተቃጠሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ከፍተኛ ኮሚሽነር ቢያንስ 30 ሰዎች መገደላቸውንና ከ100 በላይ መቁሰላቸውን አስታወቁ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ከጎንደር ብዙ በሚርቀው በስልጤ ዞን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በጎንደር ነገር ምንም እጅ የሌለባቸው ክርስቲያኖችም ተገደሉ። ይህን ያደረጉት ሰዎች «ለወንድሞቻችን ተበቀልን» ሳይሉ አልቀሩም ይሆናል። አላህ ግን የንጹሕን ደም ለንጹሕ ደም ካሣ አላደረገም።

የመሪነቱ ምልክት

እንግዲህ «የታየኝ መንገድ ከአላህ ይሁን ከነፍሴ ወይም ከሸይጣን በምን ዐውቃለሁ?» ቢባል፣ መልሱን ከሂጅራ ሌሊት አግኝተነዋል። አላህ ባሪያውን ራሱ በከለከለው በር አይመራውም። ነቢዩ ሰይፍ ተመዞባቸው ሳለ የጠላትን አደራ ካልበሉ፣ ከእርሳቸው በኋላ ማንም ሰው «ጨንቆኝ ነው» ብሎ ሐራሙን ሐላል ሊያደርግ አይችልም። ከረኃብ ሞት ለመዳን ቁራሽ መቅመስን የመሰለውን ሊቃውንት በልኩ የወሰኑት ነው፤ የሰው ሐቅ ግን ከዚያም በኋላ ይጠየቃል። ይህን ምልክት ይዘህ ዛሬ በፊትህ ያሉትን በሮች መርምር።

መንገድ ሲዘጋ በመጋዘኑ እህልና ዘይት የቀረለት ነጋዴ «አላህ ሪዝቄን አመጣልኝ» እያለ ዋጋው እስኪንር ቢሸሽገው፣ የመጣለት ሪዝቅ ሳይሆን ፈተና ነው። ነቢዩ ሕዝብ የሚቸገርበትን እህል የሚያከማች ሰው ኃጢአተኛ መሆኑን ተናግረዋል። የተገቢውን ትርፍ ይዞ የሚሸጥ ግን ለጎረቤቱ የአላህ ገመድ ሆነ።

ልጁ የታገተበት አባት «ገንዘብ ብከፍል ተወኩል ማጣቴ ይሆን?» ብሎ ቢጨነቅ፣ አይሆንም እንለዋለን። ምርኮኛን ማስፈታት ነቢዩ ያዘዙት መልካም ሥራ ነው፤ ኃጢአቱ ያለው በወሳጁ ላይ ነው። ጎረቤትም «አላህ ያውቅልህ» ብሎ ብቻ አይለፈው፤ ኪሱን ይፈትሽ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ከሸማኔ መንደር ሰው በላይ ማን ያውቀዋል?

ቤቱ የተቃጠለበት ጎልማሳ በቀል ቢያምረው፣ ማስረጃውን ይዞ ለፍርድ መቆምና መመስከር ገመዱን መጣል ነው፤ ያልበደለውን ሰው ቤት ማቃጠል ግን ገመዱን መቁረጥ ነው። ፍርድ ቢዘገይ ወኪሉ አይተኛም።

ግራ የገባው ደግሞ ወደ ጠንቋይ ወይም ወደ ዛር ቤት ቢሄድ፣ ነገን ለማያውቅ ሰው ነገን ለመግዛት ገንዘብ ከፈለ። በዚህ ፈንታ ነቢያችን ለባልደረቦቻቸው በነገር ሁሉ የኢስቲኻራን ሰላት አስተምረዋል። ሁለት ረከዓ ይሰገዳል፤ ከዚያም ነገሩ ለሃይማኖት፣ ለኑሮና ለፍጻሜ መልካም ከሆነ እንዲገራ፣ ክፉ ከሆነ እንዲርቅ አላህ ይለመናል። ብዙ ሰው ከኢስቲኻራ በኋላ ሕልም ይጠብቃል፤ ሕልሙን ካላየም እንዳልተመለሰለት ይቈጥራል። በሐዲሱ ግን ስለ ሕልም የተነገረ ነገር የለም። ሰግደህ፣ ለምነህ፣ አዋቂ ተማክረህ መልካም መስሎ ወደታየህ ነገር ሂድ፤ ቢከፈት ጌታህን አመስግን፣ ቢዘጋም መዘጋቱ ራሱ መልስ ነውና ታገሥ።

ማጠቃለያ ምክር

የጨነቀህ ወንድሜ ሆይ! ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ባለህ ጊዜ ተነሥና ውዱእ አድርግ፤ ነገርህን ለጌታህ በገዛ ቋንቋህ ንገረው። ሲነጋ አላህን የሚፈራና ነገሩን የሚያውቅ ሰው አማክር፤ ሃይማኖቱ የተለየ ጎረቤትህም ቢሆን ታማኝና መንገዱን የሚያውቅ ከሆነ አትናቀው፤ ነቢዩ ዐብዱላህ ብን ኡረይቂጥን አልናቁምና። ከዚያ በእጅህ የቀረውን ቁጠር፤ የጠፋውን ብቻ የሚቈጥር ሰው በትሩን አያይም። ከታዩህ በሮች ሐራም የሆነውን ተው፤ ብቸኛ ቢመስልህም ተው። በቀረው በር የዛሬን እርምጃ ሂድ። ከሄድህ በኋላ ልብህን አሳርፍ፤ ፍጻሜው በአንተ አልተጣለምና።

አንተም ዛሬ ያልተጨነቅህ ወንድሜ ሆይ! ተወኩል የተጨነቀው ሰው ግዴታ ብቻ አይምሰልህ። በሠውር ዋሻ ለነበሩት ስንቅ የመጣው በአስማእ እጅ፣ ወተቱ በእረኛው እጅ ነው። አላህ ዛሬ ሊመራው የፈቀደው ሰው የሚጠብቀው ምናልባት የአንተን በር መንኳኳት ይሆናል። ዕዳውን የምታራዝምለት፣ ወላጅ የሌለውን ልጅ ወደ ቁርኣን ቤት የምትልክለት፣ በችሎት የምትቆምለት አንተ ልትሆን ትችላለህና «አላህ ይርዳህ» ብለህ ከማለፍህ በፊት አላህ እንዲረዳው የላከው ሰው አንተ እንደ ሆንህ ጠይቅ።

ነቢያችን ወደ ሐበሻ የላኳቸው ስደተኞች በነጃሺ ጥላ ሥር በሰላም ሲኖሩ በንጉሡ ላይ ጠላት ተነሣበት። ስደተኞቹ ንጉሡ እንዲያሸንፍ አላህን ለመኑ፤ ደግሞም የውጊያውን ወሬ የሚያመጣላቸው ሰው ፈለጉ። ከሁሉ በዕድሜ ያነሰው አዝ-ዙበይር በተነፋ አቁማዳ ላይ ተንሳፎ ወንዙን ተሻገረ፤ የነጃሺን ድል አይቶም የምሥራች ይዞ ተመለሰ። በዚህች በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ተወኩል እንዲህ ነበረ፤ በሰማይ ዱዓ፣ በወንዙ ላይ አቁማዳ፣ ለሚኖሩበትም አገር ሰላምን መመኘት።

አላህ ሆይ! መንገዳችን በጠፋብን ጊዜ መሪያችን ሁን። ከዐቅማችን በላይ የሆነውን በችሎታህ አንሣልን፤ በዐቅማችን ያለውን እንዳንተው አበርታን። የታገቱትን ለቤታቸው፣ የተሰደዱትን ለአገራቸው አብቃ። የሞቱብንን ማራቸው፤ የቀሩትን እናቶች አጽናና። ጭንቅ ወደ ሐራም እንዳይነዳን፣ ቂምም ዓይናችንን እንዳያጠፋው ጠብቀን። ለጎንደርና ለደጋዋ፣ ለአገራችን ሕዝብ ሁሉ ሰላምን አውርድ። አሚን።